ከሸራው ኋላ የተገኘው ጫማ

በሩን ያሸገው ፕላስተር ሲላጥ ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው፤ የከረመ ዓሣና ነጭ ሽንኩርት አብረው የተፈጩ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ጫኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ። ሽታውን ያውቁታል። የነቀዝ መድኃኒት ነው፤ የእህል መጋዘኑ ሲናፈስ ይጠፋል። ከበሩ ሥር የተዘረጋውን ሰው ግን አልጠበቁትም።

ጆንያ ሰፊው ነበር። በሆዱ ተኝቶ፣ ቀኝ እጁን በበሩና በወለሉ መካከል ወዳለችው ቀጭን ክፍተት እንደዘረጋ ነው የሞተው። ትልቁ የጆንያ መርፌው በክፍተቷ ውስጥ በተጠቀጠቀው ፕላስቲክ ተሰክቶ ቀርቷል። ፕላስቲኩ ላይ ብዙ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። አንዳቸውም ወደ ውጭ አላለፉም።

ኢንስፔክተሩ ቁጢጥ ብሎ መርፌውን ሲያይ ቆየ። በጣቢያው «አባ ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ አንዳንዱ ለሙገሳ፣ አብዛኛው ለፌዝ። ቀና ሲል መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እግሩ ነው።

«ጫማውስ?»

«እዚህ በጫማ አይገባም» አለ ከጫኞቹ አንዱ። «ክምር ላይ በጫማ ከወጣህ ጆንያ ይቀደዳል። በር ላይ ነው የምናወልቀው።»

በር ላይ ጫማ የለም። ሳጅኗ ግድግዳውን ተከትላ ሄደችና ተጣጥፎ ከተቀመጠ ሸራ ኋላ ጎንበስ አለች። ከኢንስፔክተሩ ጋር በሥራ አብራ ያረጀች፣ ምላሷ የማይታሰር ሴት ናት።

«አለቃ፣ ይኸውልህ።»

ጥንድ ጫማ ነው። ጎን ለጎን ተደርጎ፣ አፍንጫው ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ማሰሪያው ሳይቀር ወደ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

«አልተጣለም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ተቀምጧል።»

«ሰው ዘግቶ ገድሎ ጫማ የሚያስተካክል ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እንደያዘ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። «ክቡር ኢንስፔክተር፣ ምን ዓይነት ቀን ነው? ይኸው ዛሬ ጠዋት የግቢው ሲስተም እንኳ ሁላችንንም አስወጥቶ የይለፍ ቃል እንደ አዲስ ይጠይቀናል። መከራ ሲመጣ ጓዙን ጠቅልሎ ነው።» ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀለት እንጂ ነገሬ አላለውም። ሰው ሲደነግጥ የባጥ የቆጡን ያወራል።

* * *

መድኃኒቱን ያኖረው ሰው የግቢው ቋሚ ረጪ አልነበረም። ቋሚው ከመሰላል ወድቆ እግሩን ስለሰበረ ሥራ አስኪያጁ ከሌላ ቦታ ያስመጣው ተተኪ ነው። እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል ቀብሮ ተቀምጧል።

«ጫማውን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ፕላስተሩ መሬቱን እንዲይዝልኝ አነሳሁትና ከሸራው ኋላ አስቀመጥኩት። የሰው ዕቃ ነው፤ እንዳይረገጥ ብዬ።»

«ጫማ ካለ ሰው ይኖራል አላልክም?»

«ጌታዬ፣ በየበሩ አሮጌ ጫማ አለ። ለግቢው እንግዳ ነኝ። እኛ የምናየው ስልኩን ነው።» ስልኩን አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበው። የመጋዘኑ ቁጥር፣ ከሥሩ አንድ ጥያቄ፦ መጋዘኑ ባዶ ነው? ከጎኑ በአረንጓዴ፦ አዎ። መልሱን የመዘገበችው ቁልፍ ያዧ ናት። «እንዲያም ሆኖ ገብቼ ተጣርቻለሁ። ‹ሰው አለ?› ብያለሁ።»

«መልስ አልሰማህም።»

«የእህል ማበጠሪያ ማሽኑ በጎን እያጓራ? እንኳን የሰው ድምፅ ነጎድጓድም አይሰማ።»

ጫኞቹ ሲጠየቁ ጆንያ ሰፊው ከምሳ በኋላ ክምሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ ሸለብ የማድረግ ልማድ እንደነበረው ተናገሩ። ሐኪሙም ያለው ከዚሁ ጋር ይገጥማል፤ ቁስል የለም፣ መታነቅ የለም፣ የገደለው ጋዙ ነው። ሲነቃ በሩ ታሽጓል። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ያለበትን መጋዘን «አዎ፣ ባዶ ነው» ያለው ማነው?

* * *

ቁልፍ ያዧ የሟቹ ወንድም ሚስት ነበረች። ይህን ኢንስፔክተሩ ያወቀው ከሷ ሳይሆን ከጫኞቹ ሹክሹክታ ነው። በአንድ ግቢ እየዋሉ፣ በአንድ ቤት እያደሩ አይነጋገሩም ነበር አሉ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለች ገና ሳትቀመጥ። «‹አይደለም› ነው ያልኩት።»

«ስልኩ ‹አዎ› ይላል።»

«ስልኩ የሚለውን አላውቅም። እኔ ክምሩ ላይ ሆኖ ሲሰፋ አይቼዋለሁ። ‹አይደለም› ብዬ ተጭኜ፣ ልጄ ትኩሳት ይዟታል ስላሉኝ ከትምህርት ቤት ላመጣት ወጣሁ።»

«በማግስቱ በሩ ታሽጎ ስታይውስ?»

«ወጥቶ ነው ብዬ ነዋ።»

«ቤት ሳይመጣ ሲቀርስ?»

«ኮርፎ ነው ብዬ» አለች። «መኮረፉን ነግረውዎታል አይደል? ዛሬ እንኳን ሰው ግድግዳውም ያወራል።»

ኢንስፔክተሩ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈለገም። ሲስተሙን የሠራውን ወጣት ፕሮግራመር አስጠራና በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሁሉም ባሉበት አስሞከረ። ፕሮግራመሩ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ለሰው ወንበር የሚለቅ ልጅ ነው። አዲስ ቅጽ ከፈተላት። «አይደለም» የሚለውን ተጫነች። ሳጅኗ በራሷ ስልክ ከፍታ አየችው።

«አይደለም ይላል» አለች።

«እንደገና» አለች ቁልፍ ያዧ።

እንደገና ሞከሩት። አይደለም። ሦስተኛ ሲሞክሩት ሴትየዋ ጣቷን ከመስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ተመለከተችው፤ የሷ መሆኑን የምታጣራ ትመስል ነበር።

«ሰው ሲቸኩል እጁ ይስታል» አለ ፕሮግራመሩ በለሆሳስ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

«አልሳትኩም» አለች። «አይደለም ነው ያልኩት።» የሰማት አልነበረም። በዚያው ወደ ጣቢያ ወሰዷት።

* * *

የሟች እናት የተቀመጡት ከሳሎኑ ጥግ፣ በሩን ፊት ለፊት ከሚያየው አግዳሚ ላይ ነው። ትልቁ ልጃቸው፣ የቁልፍ ያዧ ባል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በእናቱና በሚስቱ መሀል እንደ ቆመ ሰው እግሩን እንኳ የሚያሳርፍበት ያጣ ይመስላል።

«ጠባቸው በምን ነበር እማማ?»

«በጓሮዋ ክፍል። እሱ ይኖርባት ነበር። እሷ ደግሞ ‹ሴቶች ልጆቼ አድገዋል፣ ይልቀቅልን› አለች። እውነቷን ነው፣ አድገዋል። እሱም እውነቱን ነው፣ የት ይሂድ?» ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ሰበሰቡ። «የመጨረሻ ቀን ሲመላለሱ ‹ሬሳህ እንኳ በዚህ በር አይገባም› አለችው። እዚሁ፣ በኔ ፊት። ይኸው እንዳለችው ከሐኪም ቤት ወደ መቃብር ሄደ፤ በዚህ በር አልገባም።»

«የንዴት ቃል ነው እማዬ» አለ ልጃቸው።

«ዝም በል አንተ። እኔ አንዱን ልጄን ቀብሬያለሁ፤ እሷን ደግሞ በቁሟ።» ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሩ። ድምፃቸው ወረደ። «የኔ ልጅ፣ ‹ሰው አለበት ብያለሁ› ትላለች አሉ። ብላ ከሆነ ንገረኝ። ሳትል ቀርታ ከሆነም ንገረኝ። መሀሉ ላይ አትተወኝ፤ መሀሉን አልችለውም።»

«እነግርዎታለሁ» አላቸው። ከቤቱ ሲወጣ ከአፉ በወጣው ቃል ተጸጸተ። መልሱ በእጁ ነበር እኮ፤ ስልኩ «አዎ» ይላል፣ ሴትየዋ ዝታለች፣ ሙከራውም ከስሷታል። ግን ያ ጫማ ከዓይኑ አልጠፋ አለው።

«እስቲ አስቢው» አላት ሳጅኗን መኪና ውስጥ። «ልትገድለው አስባ ቢሆን ጫማውን በር ላይ ትተወው ነበር? ጫማ ካለ ሰው አለ ማለት መሆኑን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ቋሚው ረጪ ጫማውን አይቶ ይመለሳል።»

«ቋሚው አልመጣማ።»

«አለመምጣቱን በምን አወቀች? ሥራ አስኪያጁ ተተኪውን ሲያስመጣ ለማንም አልተናገረም።»

ሳጅኗ ቁልፉን ልታዞር እጇን ከሰደደች በኋላ ተወችው። «ወዴት ልንዳው?»

«እግሩ ወደተሰበረው።»

* * *

ቋሚውን ረጪ ሠራተኞቹ «ጋሽ ነቀዝ» ይሉታል። ዕድሜ ልኩን ነቀዝ ሲገድል ኖሮ በጠላቱ ስም መጠራቱ ራሱንም ያስቀዋል። ደጃፉ ላይ፣ በጀሶ የታሸገ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ አገኙት።

«ስንቱን ሚሊዮን ነፍስ በመድኃኒት ስፈጅ ምንም አላለኝ፤ አንድ መሰላል ጣለኝ» አላቸው። ስለ ጆንያ ሰፊው ሲነሳ ግን ፈገግታው ሞተ።

«ጋሼ፣ መድኃኒት ከማኖርዎ በፊት ስልኩን ያያሉ?»

«አያለሁ እንጂ። አይቼም እተወዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሁልጊዜ ባዶ ነው ስለሚል ነዋ። ጫኞቹ ውስጥ ሆነው እያንጎራጎሩ ባዶ ነው ይላል። አንድ ቀን ራሴው መጋዘኑ መሀል ቆሜ ከፈትኩት፤ ባዶ ነው አለኝ። ሞቼ ይሆን ብዬ ጭኔን ቆነጠጥኩ።»

ሳጅኗ ልትስቅ ብላ ተወችው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?»

«የለም። ድሮ ሰዎቹ ጥያቄውን ዘለው ያልፉትና መልሱ ሳይሞላ ይመጣል። ያኔ ደውለን እንጠይቅ ነበር፤ ሥራ ይጓተታል። ‹ተሻሻለ› ከተባለ ወዲህ ነው ሁሉም ባዶ የሆነው። ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ። ‹ሳያዩ እየተጫኑ ነው፣ አንተ ሥራህን ሥራ› አለኝ። እኔም ዓይኔን ጫማ ላይ ጣልኩ።» አንዴ ቆም አለ። «ለዚያ ለተተኪው፣ ስለ ጫማው የነገረው ሰው የለም?»

«የለም።»

ጋሽ ነቀዝ ጀሶውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። «መሰላሉን ቀስ ብዬ ብወጣው ኖሮ» አለ፤ አልጨረሰውም።

ወደ መኪናው ተመለሱ።

«ሽማግሌው አይዋሽም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ግን እኛ ስንሞክረው ‹አይደለም› ‹አይደለም› ሆኖ ነው የተመዘገበው። በዓይናችን አይተናል።»

«እኛ ስንሞክረው። ያኔ ተስተካክሎ ቢሆንስ?»

«በምን እናውቃለን?»

«እኔ እንጃ። የኛን የጣቢያውን ሲስተም አይተኸዋል? አዲስ ነገር በጨመሩበት ቁጥር አስወጥቶ የይለፍ ቃል አምጪ ይለኛል። ሰርቨሩ ሲታደስ ነው ይላሉ። በየጊዜው የራሴን ቤት እንደማንኳኳ...»

አልቀጠለችም። ኢንስፔክተሩ አፍጥጦ እያያት ነበር።

«ሬሳው በተገኘ ጠዋት» አለ ቀስ ብሎ። «ሥራ አስኪያጁ ምን እያለ ነበር የሚያለቃቅሰው?»

* * *

ፕሮግራመሩ የሚሠራባትም የሚያድርባትም ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስክሪን፣ መስኮቱ ላይ የሚንገጫገጭ ቬንቲሌተር። ሁለት ወንበር ለቀቀላቸውና እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ያንን ሲስተም ለመጨረሻ ጊዜ የነካኸው መቼ ነው?»

«ቆየሁ። ካሻሻልኩት ወዲህ አልነካሁትም።»

«ሬሳው የተገኘ ጠዋትስ?»

«አሞኝ ተኝቼ ነበር። ከሰዓት ሲጠሩኝ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ያን ጠዋት የግቢውን ሰው ሁሉ ከሲስተሙ ያባረረው ማነው?»

ቬንቲሌተሩ ብቻ ይንገጫገጫል።

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅህ» አለ ኢንስፔክተሩ በዚያው በዝግታው። «የድሮ ምዝገባዎቹ አሉ አይደል? ከማሻሻያው ወዲህ ሬሳው እስከተገኘበት ጠዋት ድረስ አንድ ‹አይደለም› አሳየኝ። አንድ ይበቃኛል።»

ፕሮግራመሩ ወደ ስክሪኑ ተጠጋና መዝገቡን ወደ ታች መጎተት ጀመረ። አዎ። አዎ። አዎ። አረንጓዴ ቃል ከአረንጓዴ ቃል ሥር ይወርዳል። ጣቱ እየዘገየ፣ እየዘገየ መጣና ቆመ። መጨረሻው ላይ አልደረሰም ነበር።

«ይህን ሁሉ ጊዜ በዚያ ግቢ ‹አይደለም› ያለ ሰው አልነበረም?»

«ነበር» አለ ልጁ።

«ንገረኝ። እንደኔ ላለው መሀይም አድርገህ ንገረኝ።»

«ዲፎልት ይባላል። አዲስ ቅጽ ሲፈጠር፣ ሰው መልስ ባይሰጥ ቀድሞ የሚገባ መልስ ነው። ሥራ አስኪያጁ ‹ሰዎቹ ጥያቄውን ይዘሉታል፣ ሥራ ይቆምብኛል፤ መጋዘኑ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ስለሆነ አዎ ይሁን› አሉኝ። ‹መልስ ከሌለ አዎ አድርግ› ብዬ ጻፍኩ። አንዲት መስመር ናት።»

«መልስ የሰጠችዋስ?»

«እሱ ነው ስህተቴ። እኔ በጻፍኩበት መንገድ ማሽኑ ‹አይደለም›ን እና ምንም አለመባሉን ለይቶ አያያቸውም። ሁለቱንም እንደሌለ ነገር ይቆጥራቸዋል። ‹የተባለ ነገር አለ ወይ?› ብዬ ማስጠየቅ ነበረብኝ፤ እምቢታም ቢሆን ተብሏልና። እኔ አላስጠየቅኩም።»

«ዝም ያለውም አዎ፣ እምቢ ያለውም አዎ።»

«አዎ» አለ ልጁ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱን አስደነገጠው።

«ሠርተህ ስትጨርስ አልሞከርከውም?»

«‹አዎ›ን ሞከርኩ። ባዶውን ሞከርኩ። ሁለቱም ሠሩ። ‹አይደለም›ን አልሞከርኩትም፤ ይቸኩሉ ነበር።»

«ሲሮጡ የታጠቁት» አለች ሳጅኗ ለራሷ ያህል፣ «ሲሮጡ ይፈታል።»

«ለስህተቱ ብቻ አይደለም የመጣሁት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ስህተት የሁሉም ሰው ነው። ያቺ ሴት ከጎንህ ቆማ ‹እንደገና› ስትልህ አንተ ታውቅ ነበር። ‹ሰው ሲቸኩል እጁ ይስታል› አልካት። የቸኮለው የማን እጅ ነው?»

«ሥራ አስኪያጁ ናቸው ጠዋት የደወሉልኝ። ለፖሊስ ከመደወላቸው በፊት። ‹ሽማግሌው አንድ ጊዜ ያወራው ነገር ነበር፣ እስቲ እየው› አሉኝ። ሳየው ወዲያው ገባኝ። ሌላ ሰው እንዳይሞት ብዬ አስተካከልኩት። ‹አበጀህ፣ አሁን ዝም በል› አሉኝ።»

«ማስተካከልህ ደግ ሥራ ነው። ዝም ያልከውስ? ሴትየዋን እስር ቤት ትተህ፣ ቤትህ ገብተህ፣ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?»

መልስ የለም።

ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ተነሳ። «መልስ ከሌለ» አለ፣ «‹አዎ› ብዬ ልመዝግብልህ?»

ልጁ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ሳጅኗ ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዳ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፤ «ተነስ ወንድሜ» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ግን እስከ መጨረሻው «ስህተቱ የማሽን ነው» እንዳለ ነበር። ኢንስፔክተሩ አልተከራከረውም። ያን ጠዋት ከማን በፊት ለማን እንደደወለ ራሱ ስልኩ ይናገራል። ሽማግሌው የነገረውን እያወቀ፣ ለተተኪው ሳይነግር በሩን ያሳሸገም እሱ ነው። ሲወስዱት አንገቱ ላይ ያ ላብ አሁንም ይወርድ ነበር።

* * *

ቁልፍ ያዧ ከጣቢያው ስትወጣ ኢንስፔክተሩ ራሱ ሊያደርሳት መኪናው አጠገብ ጠበቃት። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችው።

«እሺ ማሽኑስ ማሽን ነው» አለች ሲጨርስ። «እርስዎስ? ስንት ጊዜ ‹አይደለም› አልኩዎት?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ሰምተውኝ ነበር?»

«አልሰማሁሽም።»

የመኪናውን በር ከፈተላት። መኪናው ውስጥ፣ በመሀላቸው ባለው ወንበር ላይ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል። ጫማው ነው። ፎቶው መዝገቡ ውስጥ ስለገባ ለቤተሰቡ እንዲመለስ ተፈቅዷል።

በሩ ክፍት ነበር። እናትየው ያው አግዳሚያቸው ላይ ናቸው። ቁልፍ ያዧ ደፉ ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ያቺ ቃሏ ከፊቷ ተጋርጣ ቆማለች። ባሏ ሊቀበላት ሁለት እርምጃ ተራምዶ እናቱን አየና ባለበት ቀረ።

እናትየው ያዩት ኢንስፔክተሩን ነው። «ምን አለች?»

«‹ሰው አለበት› ብላለች እማማ። ቃሏን የገለበጠው ማሽኑ ነው። የሠሩትና የደበቁት ሰዎች ተይዘዋል።»

«ብላለች?»

«ብላለች።»

ያኔ ወደ በሩ ዞሩ። «አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር። ክምሩ ላይ ይሰፋ ነበር።»

«ደህና ነበር?»

«እያፏጨ ነበር። እኔን ሲያይ ፉጨቱን አቆመ። ኩርፊያ ላይ ነበርና።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ኢንስፔክተሩ የሚሠራው ሲያጣ ጥቅሉን ለሳቸው ሊሰጥ ዘረጋ። ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው አወቁት፤ እጃቸውን ግን አልሰደዱም።

«ለሷ ስጣት» አሉ።

ቁልፍ ያዧ ወረቀቱን ፈታችው። ማሰሪያው እስካሁን ወደ ውስጥ እንደገባ ነበር። ጫማውን ደረቷ ላይ አቅፋ እዚያው ደፉ ላይ ቀረች።

«አስገቢው እንጂ» አሉ እናትየው። «በር ላይ አታቁሚው።»

ደፉን ተሻገረች። በሳሎኑ አለፈች፣ ልጆቿን አለፈች፣ ወደ ጓሮዋ ክፍል ገባች። ኢንስፔክተሩ ከቆመበት ሆኖ ጎንበስ ስትል ታየችው። ጫማውን ከአልጋው ሥር፣ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠችው።